የእሳት እራቶች ያጠመዱኝ ሌሊት

ዛሬ ሌሊት በሕልሜ ጉድ አየሁ። የተኛሁት ዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ፣ ከባለቤቴ ከአምሳለ ጋር፣ ድንኳን ውስጥ ነበር። ልጆቹን ድረን ጨርሰን፣ "እስቲ አሁን እንኳ ለብቻችን እንረፍ" ብዬ ለምኜ ነው ያመጣኋት። እሷ ግን ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ከመጣን ጀምሮ ነጭ አንሶላ ትሰቅልና መብራት ታበራለች፤ ከዚያ አንሶላው ላይ የሚያርፉትን የእሳት እራቶች ዝርያ ስትለይ ታመሻለች። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ። አረንጓዴ ክንፍ ያለው አንድ አለ አሉ፤ "እሱን ሳላይ ከዚህ ንቅንቅ አልልም" ብላለች። በእሳት እራት ቀናሁ እላችኋለሁ!

በሕልሜ ታዲያ ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ አገኘሁት። ጉማሬዎች በጀልባ ተጭነው እኔን ሊያዩ መጡ። አስጎብኚያቸው ሽመላ ነበር።

"ቀስ በሉ፣ ሰው ድንጉጥ ነው" አላቸው።

"ይናከሳል?" አለች አንዷ ጉማሬ፣ የሩቅ ማያ መነጽሯን እያስተካከለች።

"ሲርበው ይነጫነጫል እንጂ አይናከስም።"

እውነትም ርቦኝ ነበር። አፍሬ ሮጥኩና አንሶላው ዘንድ ደረስኩ። አሁን ግን የሰቀሉት የእሳት እራቶቹ ናቸው። ሰዉ መብራቱን ይዞራል። አንድ ዳኛ ካባቸውን እንደለበሱ አምፖሉን በግንባራቸው ይገጩታል። እኔም ሞኝነት መሆኑን እያወቅኩ አብሬ ዞርኩ። የእሳት እራቶቹ መነጽር አድርገው ሰዉን አንድ በአንድ ይመረምራሉ። ዘመድ መጥቶ "ይሄ የኔ ነው" ያለለት ይለቀቃል። ማንም ያላወቀው ጠርሙስ ውስጥ ተከትቶ ሙዚየም ይወሰዳል፤ እዚያ በመርፌ ይሰካል።

ይሄን ስሰማ አንሶላው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ተደበቅኩ። ደህና ተደብቄ ነበር። ምን ያደርጋል፣ አንድ ሽማግሌ የእሳት እራት ከዘራቸውን ይዘው ከች አሉ። ሽማግሌ ቆሞ እንዴት ይቀመጣል? አሳዳጊዎቼን ላሰድብ? ብድግ አልኩና፣

"ኖር!" አልኩ።

"በእግዜር!" አሉ ሽማግሌው። "ያዙት።"

ጠርሙስ ውስጥ ገባሁ።

"ሆዱ የተነፋ፣ አናቱ ላይ ጠጉር የሌለው" አሉ በአጉሊ መነጽር እያዩኝ። "የማን ወገን ነህ?"

"ዘርጋው እባላለሁ፣ የአምሳለ ባል ነኝ!"

"አምሳለ፣ ታውቂዋለሽ?"

ለካ አምሳለ ከመርማሪዎቹ መሃል ተቀምጣለች። ክንፍ አብቅላለች፤ ደግሞ ሲያምርባት! ጠርሙሱን አንስታ አገላብጣ አየችኝና መጽሐፏን ገልጣ ዝርያዬን ትፈልግ ጀመር። ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ አላውቀውም ልትል ነው?

"አምሳልዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!" እያልኩ መስታወቱን ደበደብኩ። እንባዬ መጣ።

ያኔ ፊቷ በራ። "ውይ የኔ ቆንጆ!" አለች። "ስንት ዓመት ስፈልግህ! ይሄማ የኔ ነው!"

ከደስታዬ ብዛት ነቃሁ። ጎህ ሊቀድ ነው። አምሳለ በእውን ባትሪ ይዛ ፊቴ ላይ ጎንበስ ብላለች። እንባዋ ይወርዳል።

"የኔ ቆንጆ፣ መጣህልኝ?" ትላለች። "አደራህን፣ እንዳትሄድብኝ።"

ሆዴ ባባ። "የት እሄዳለሁ አምሳልዬ" ልላት አፌን ስከፍት፣

"ዘርጋው፣ ዝም በል!" አለችኝ በሹክሹክታ። "እንዳትተነፍስ። አረንጓዴው አፍንጫህ ላይ ነው ያረፈው።"

ማስነጠስ ደግሞ አሁን መጣብኝ።