ፈጣኑ ዘዴና የባሌ ሸሚዞች

አሜሪካኖች ድህነትን አያውቁትም። ቢያውቁት ኖሮ በገዛ እጃቸው ቁጭ ብለው አይሰፉትም ነበር!

እስቲ ፍረዱኝ… ደህና ጨርቅ ገዝቶ፣ ቆራርጦ፣ ቁርጥራጩን መልሶ እየቀጣጠሉ ብርድ ልብስ መሥራት ምን ይሉታል? እነሱ "ኩዊልት" ይሉታል። እኛ ዘንድ ስሙ ድሪቶ ነው፤ የሚለብሰውም ሰው ወዶ አይለብሰውም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ እጄን ያስገባሁት።

ያስተማሩኝ ሚስ ሩት ናቸው። ሊትልተን ከተማ በምሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ በአረጋውያን መጦሪያው፣ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ እኔ ካልሲ ሳደርግላቸው እሳቸው ስለ ኩዊልት ይሰብኩኛል። "እኔ መስፋት ላይ ሰነፍ ነኝ" ብላቸው ሳቁብኝ።

"ፈጣን ዘዴ አለው። የፈለሰፈውም ሰነፍ ሰው ነው" አሉኝ።

ዘዴው ይኸውላችሁ። አንድ በአንድ ካሬ እየቆረጣችሁ አትደክሙም። ሁለት ቀለም ጨርቅ ታመጡና በአራት ጣት ስፋት በረጅሙ ትቆርጣላችሁ። ሁለቱን ረጃጅም ቁራጮች ጎን ለጎን ታደርጉና ከጫፍ እስከ ጫፍ በስፌት መኪና ትሰፏቸዋላችሁ። ከዚያ የተሰፋውን በዚያው በአራት ጣት ስፋት አግድም ትቆራርጡታላችሁ። አንዱን ቁራጭ ገልብጣችሁ ከሌላው ጋር ስትሰፉት የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ነገር ይወጣል። መጀመሪያ መስፋት፣ ከዚያ መቁረጥ… በቃ!

ይህን ስሰማ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ምክንያቱም የባለቤቴ የደረጄ እናት፣ እማማ በላይነሽ፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን እየመጡ ነበር። እሳቸው ከሠርጋችን በፊት ስለ እኔ "ልጅቷስ ቆንጆ ናት፣ ሙያ ግን የላትም" ብለው ፈርደዋል። ፍርዱ እስካሁን ይግባኝ አልተባለበትም። በስልክ ካርድ በደወልን ቁጥር እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ልጄ ምን በላ?" ነው። እንግዲህ በእጄ የሠራሁትን ብርድ ልብስ አልጋቸው ላይ ዘርግቼ አፋቸውን ላስይዝ!

ጨርቅ ከየት? ደረጄ ቦርጭ ካወጣ ወዲህ የማይቆለፉለት ሸሚዞች ቁም ሳጥኑን አጣበውታል። "ክብደት ልቀንስ ነው" እያለ ያስቀምጣቸዋል። እኔም ቦርጩን አየሁት… መቀሱን አነሳሁ።

እማማ በላይነሽ መጡ። መኝታ ቤታቸውን ከፍቼ ምስጋናዬን ቆሜ ስጠብቅ፣ ጎንበስ ብለው ብርድ ልብሱን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይሄ የልጄ ሸሚዝ አይደለም እንዴ?"

"ነው እማማ! ይሄም የሱ ነው፣ ይሄም…"

"ውይ ልጄን! ብርድ ልብስ መግዣ አጥታችሁ ሸሚዙን?"

"ኧረ አይደለም! እዚህ አገር ፋሽን ነው፣ ሆን ተብሎ ነው የሚሠራው።"

"ድሪቶ?"

"አዎ።"

"ሆን ተብሎ?"

ስሰማው ራሴንም አላሳመነኝም። እማማ እንባቸውን ጠርገው እጄን ያዙኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ ለማንም አልናገርም" አሉኝ።

እውነትም ለማንም አልተናገሩም። ለጌታ ብቻ ነው የተናገሩት… እሑድ፣ ቸርች ውስጥ፣ በማይክራፎን! "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ሲባል ቀድመው ተነሡ።

"ልጄ ታክሲ ይነዳል ሲሉኝ የደላው ይመስለኝ ነበር። ለካ በዚህ ብርድ የገዛ ሸሚዙን እየጣፈ ነው የሚለብሰው። ጸልዩለት!"

ጉባኤው በአንድ ድምፅ "ኦ ጌታ!" አለ። ደረጄ አጠገቤ አንገቱን ደፋ። "ምንድን ነው ያደረግሽው?" አለኝ በሹክሹክታ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

የኛ ቸርች ሰው ደግሞ ጸልዮ ብቻ አይተውም። በማግስቱ እህት ሰናይት፣ ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር ባለችው አፓርትመንታችን በር ላይ፣ ልብስ የታጨቀባቸው ትልልቅ ፌስታሎች ተሸክማ ቆማለች። ከላይ የተቀመጠውን ሹራብ አወቅኩት። በቅርቡ "ለችግረኞች ይሁን" ብዬ ራሴ ለቸርቹ የሰጠሁት ነው! እፍረቴን ዋጥ አድርጌ፣ ነገሩን ላስረዳት ወደ መኝታ ቤቱ ይዣት ገባሁ።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ኩዊልት!" ብላ ጮኸች። "ከየት ገዛሽው? እኔ ቤታቸውን ክሊን የማደርግላቸው የፓርክ ሂል ሰፈር ሀብታሞች እኮ ግድግዳ ላይ ነው የሰቀሉት! እንዳትነኪው ብለውኛል።"

እማማ በላይነሽ ለካ ከኋላችን ቆመዋል።

"ሀብታሞቹ?" አሉ።

"አዎ እማማ፣ ሀብታሞቹ!"

እማማ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። "ምራቴ ናት የሠራችው። እኔ ድሮም ሙያዋን ዐውቃለሁ!"

አልዋሻችሁም፣ ዕንባዬ መጣ። ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄአለሁ! ደስ ብሎኝ ፈጣኑን ዘዴ እዚያው ቁጭ ብዬ አስተማርኳቸው። ሙያ ያላቸው ሰው ናቸውና ወዲያው ገባቸው።

ችግሩ ከልክ በላይ የገባቸው መሆኑ ነው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የስፌት መኪናው ይንጫጫል። "ይሄ ለእህቴ፣ ይሄ ለፓስተሩ፣ ይሄ ለጎረቤቴ…" እያሉ እማማ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ፣ ይቆርጣሉ። ደረጄ በካናቴራ ብቻ ባዶ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሟል።

"እማዬ፣ የሚሆኑኝንም ሸሚዞች?"

እናቱ ከመኪናው ቀና እንኳ አላሉም። "ምን ቸገረህ? ያ ሁሉ ፌስታል ልብስ አለህ አይደል!"

ባሌ ዛሬ ታክሲውን ይዞ የወጣው ለችግረኛ በተሰጠ ሸሚዝ ነው። እኔም ከእንግዲህ በጸሎት አልቀልድም። ጌታ ልብሱን የላከለት ሰውየው ከመራቆቱ በፊት ነው!