አስቴር ላጠችው የተባለው አፌ

አስቴር ናት። የሟቹ ባሌ እህት። ያደረገችኝንም ያደረገችኝ የካዛንቺስ ግቢያችን ሊፈርስ ዕቃ ስናወጣ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።

አስቴር ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። እውነተኛ ስሟ ይሁን አይሁን የእናንተ ጉዳይ አይደለም። ስክሪንሾት እያነሳችሁ የምታዞሩ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ!

በዚህ ግሩፕ እስከ ዛሬ የሰው ገመና ሳነብ እንጂ የራሴን ስጽፍ አይታችሁኝ አታውቁም። ዛሬ ግን ከሠርግ ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ለሚያውቀኝ ሰው ብናገረው "አሮጊቷ ቃዠች" ይለኛል። እናንተ አታውቁኝም። ደግነቱ እሱ ነው።

በቃ፣ ልጀምር።

ያን ቀን አስቴር የባሌን ቁም ሳጥን "የወንድሜ ነው" ብላ ልታስጭን መጣች። ባለ መስታወቱን። እኔም አፌ ቀደመኝ።

"ወንድምሽ አልጋ ላይ ሲማቅቅ በር ላይ ቆመሽ 'ሽታውን አልቻልኩትም' ብለሽ ተመለስሽ። ዛሬ ቁም ሳጥኑ አልሸተተሽም?" አልኳት።

ውሸት ነበር? አልነበረም።

ሸካሚዎቹ ባሉበት ቆሙ። አስቴር ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጣቷን ወደ አፌ ቀስራ፣ እንደሚቆጥር ሰው ቀስ ብላ፣

"ይኼ አፍሽ ይላጥ። ተልጦ ተልጦ ይለቅ" አለች።

ቁም ሳጥኑንም ይዛ ሄደች።

እኔ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። እርግማኑንም ረሳሁት። ማለቴ፣ የረሳሁት መሰለኝ።

አሁን ስለ ምሕረት ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነው። ምሕረት የባሌና የአስቴር ታናሽ ወንድም ልጅ ናት። በልጅነቷ እናት አባቷን አጣች። ጸጉሯን ያበጠርኩ፣ ስትታመም ያደርኩ፣ ትምህርት ቤት ያመላለስኩ እኔ ነኝ። አስቴር የሥጋ አክስቷ ናት። ለዓመት በዓል ከረሜላ ይዛ ትመጣ ነበር። እሱንም ሲመቻት።

በቅርቡ ምሕረት ልታገባ ሆነ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ በእናት ወንበር የሚቀመጥ፣ ጉልበቱ የሚሳም፣ የሚመርቅ ሰው አለ። እናት ከሌለች በእናት ቦታ ያለች ሴት። አንዲት ብቻ!

"እማ፣ የምትመርቂኝ አንቺ ነሽ አይደል?" አለችኝ።

"ማን ሊሆን ኖሯል?" አልኳት። ከዚያ ድንች የምልጥ መስዬ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ አፌ መላጥ ጀመረ።

ጠዋት ነው። ምላሴን ጉንጬ ውስጥ ሳዞር አንድ ነገር ተንጠለጠለ። በጣቴ ይዤ ጎተትኩት፤ መጣ። ነጭ፣ ስስ፣ የፈላ ወተት ላይ እንደሚቋጥረው ስልባቦት ያለ። መስታወት ፊት ቆሜ ከንፈሬን ገለበጥኩ። እዚያም አለ። ድዴ ሥርም አለ።

ደም የለውም። አያምምም።

አያምምም! የሚያስፈራው እኮ እሱ ነው። የሚያም ነገር የራስህ ነው። ይኼ ግን ሌላ ሰው ከውስጤ ሆኖ ቀስ እያለ የሚያነሳው ይመስል ነበር።

በማግስቱም ተላጠ። ከዚያም በኋላ። የቧንቧው ውሃ ሲወርድ የአስቴርን ድምፅ እሰማለሁ፤ ሳልዘጋው እቆማለሁ። ስዘጋው ደግሞ ቤቱ ጭር ይላል፤ ጭርታውም የእሷን ቃል የጨረሰ ይመስላል።

ምች ነው አልኩ። ምን ልበል? ባደግኩበት ሰፈር አፍ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቄ አፌን አሸሁበት። ተላጠ። ሎሚ በጨው አድርጌ ያዝኩበት። ባሰበት! ነጭ ሽንኩርት አላምጬ ጉንጬ ውስጥ አሳደርኩ። እሱን አልነግራችሁም።

ምሕረት ደግሞ "ለሠርጉ ፎቶ ጥርስሽ ይንጣ" ብላ የጥርስ ሳሙናና ሰማያዊ የአፍ መጉመጥመጫ ገዝታልኝ፣ ከመላጡ በፊት ጀምሬ እጠቀምባቸው ነበር። የሚያቃጥል ነገር ያጸዳል ብዬ መጉመጥመጫውን አበዛሁት። በተላጠ ቁጥር ጨመርኩ። ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ፣ አስቴር ትዝ ባለችኝ ቁጥር።

አስቴር ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው ትዝ የምትለኝ።

ኢንተርኔት ላይ "አፍ ውስጥ ቆዳ መላጥ" ብዬ ፈለግኩ። አትፈልጉ! ትኩስ ሾርባ ነው ብሎ ይጀምርና ሰውነት የራሱን ቆዳ እንደ ጠላት የሚዋጋበት በሽታ ላይ ያደርሳችኋል። አንብቤ ስጨርስ የትኛው ቀሚሴ ለመገነዣ እንደሚሆን እያሰብኩ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ያኔ ነው የመጣችው። የወሎ ሰው ናት፤ ካዛንቺስም ጎረቤቴ ነበረች፣ አሁንም አንድ ብሎክ ነን። በእርግማኑ ቀን ከጎኔ ቆማ ነበር። አፌን አሳየኋት። ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

"እኔ እኮ ያን ቀን ሰውነቴ ውርር ብሎኝ ነበር ወላሂ።"

"እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም" አልኳት።

"አንቺ ባታምኚበት እሱ አምኖብሻል፣ እቴ።"

"ሐኪም ጋ እሄዳለሁ።"

"ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ? እርግማንን ግን የረገመው አፍ ነው የሚያነሳው።" ከዚያ ዝቅ ብላ፣ "በዚህ አፍሽ ነው ልጅቱን ልትመርቂያት?" አለችኝ።

እሱን ባትናገር ጥሩ ነበር።

ደምበል አካባቢ አንድ የጥርስ ሐኪም ጋ ገባሁ። ልጅ እግር ነው። መብራቱን አፌ ላይ አበራ።

"እናቴ፣ የሚያቃጥል ነገር ጠጥተው ነበር?"

"አልጠጣሁም።"

"ይነክሳሉ?"

"ማንን?"

"ጉንጭዎን።"

"አልነክስም።"

"ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደርጋሉ?"

"ሁሉም የራሴ ናቸው!"

በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስጄ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከዚያ በኋላ ፈንገስ ይመጣል አለ። ጥርሴን ሲያመኝ አስፕሪን ድዴ ላይ አስቀምጥ እንደሆነ፣ አፌ ይደርቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉንም አይ አልኩት። በመጨረሻ አፌ ላይ ምን ምን እንዳደረግሁበትና በምን እንደምጉመጠመጥ ጠየቀኝ። ሎሚውን፣ ሽንኩርቱንና ዳማከሴውን ነገርኩት፤ የጥርስ ሳሙናውንና ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የጠርሙሱን ጀርባ አነበበና፣

"በውሃ ያቀጥኑታል አይደል?" አለኝ።

"ይቀጥናል እንዴ?"

"በቀን ስንት ጊዜ?"

"እንደ ሁኔታው" አልኩት። አስቴር ትዝ ባለችኝ ቁጥር ይባላል?

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አፍዎን እያቃጠሉት ነው፣ እናቴ። ሳሙናውም አረፋው ኃይለኛ ነው፤ የአንዳንድ ሰው አፍ አይችለውም። ሁለቱንም ይተዉ። ሎሚውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ ቅጠሉንም ይተዉ። ለብ ባለ የጨው ውሃ ብቻ። ውሃ የቋጠረ ነገር ወይም ቁስል ካዩ፣ ወይም በሁለት ሳምንት ካልተወዎት ግን ይመለሱ፤ ናሙና ወስደን እናየዋለን።"

"እርግማንስ?" አልኩት።

"ምን አሉኝ?"

"ምንም።"

ሁሉንም ተውኩ። በማግስቱ ተላጠ። በሦስተኛውም ቀን። ሐኪሙ ጊዜ ይፈጃል ብሎኛል፤ ግን ሠርጉ ደረሰ! ሐኪሙ ሠርግ የለበትም።

እናም አስቴር ጋ ሄድኩ።

ታክሲው "ካዛንቺስ!" ብሎ ያወረደኝ ቦታ ካዛንቺስ አልነበረም። ሰፊ መንገድ፣ አዲስ ንጣፍ፣ ረድፍ የያዙ መብራቶች። እኩለ ቀን ነው፤ ሰው የለም። የአስቴር ቤት ካልፈረሱት ጥቂቶች አንዱ ነው። እግሬ መንገዱን ያውቀዋል፤ ዓይኔ አያውቀውም። ስለዚህ ዓይኔን ወደ መሬት አድርጌ እግሬን ተከተልኩት። መታጠፊያ በሌለበት ታጠፍኩ። በር በሌለበት ቦታ ደፍ እንደሚሻገር ሰው እግሬን አነሳሁ። ወዲያው አወቅሁት። የእኛ በር ነበር። ሜዳው መሀል ብቻዬን አንድ እግሬን አንስቼ ቆሜያለሁ።

ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ዞሬ አይቻለሁ።

አስቴር በሩን ስትከፍት፣ "መጣሽ?" አለችኝ። እንደሚጠብቅ ሰው። ቁም ሳጥኑ ሳሎኗ ውስጥ ቆሟል። መስታወቱ ውስጥ አፏን በነጠላ የሸፈነች አሮጊት አየሁ። እኔ ነኝ።

ለምን እንደመጣሁ ነገርኳት።

"እስቲ ክፈቺው" አለች። የስልኳን መብራት አብርታ ወደ አፌ ጎንበስ አለች። ከዚያ ስልኳን ወደ ኋላ ሳበች።

"ኧረ በስመ አብ! እኔ ያልኩት ነው?"

ደነገጠች፤ እውነቱን ልናገር፣ ከእኔ በላይ ደነገጠች። ግን ብዙ አልቆየም። ቀስ እያለ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር መጣ። በሩን ከፍታ የቀሩትን ጎረቤቶቿን ተጣራች። እርግማን የሚነሳው ሰው ፊት ነው አለች። ይኼን ከየት አመጣችው? አላውቅም።

በእነሱ ፊት "ይቅር በይኝ" አልኳት። እውነት በመናገሬ!

"አፍሽ ይዳን። አፍሽ ይለምልም። እንትፍ! እንትፍ!" አለችኝ። ምራቋ ቅንድቤ ላይ አረፈ። አልጠረግሁትም፤ ሲጠረግ በረከቱ ይሄዳል ይባላል።

ልወጣ ስል ክንዴን ያዘችኝ። "ልጅቱን ግን የምመርቃት እኔ ነኝ። ያንቺ አፍ ገና ከእርግማን መውጣቱ ነው፤ ይረፍ።"

እሺ አልኩ። ገባችሁ? እሺ አልኩ!

ከዚያ ዳንኩ። ሐኪሙ እንዳለው፣ ቀስ በቀስ። አስቴር ግን ከዕድር እስከ ለቅሶ ቤት አልቀራትም። "እኔ ላጥኩት፣ እኔ መለስኩት!" ወሬው ከካዛንቺስ ጎተራ መጣ፤ ከጎተራ የሙሽራው ቤተሰብ ወዳለበት ቡልጋሪያ ሰፈር ሄደ። እዚያ ሲደርስ የተላጠው ፊቴ በሙሉ ሆኖ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አስቴር በእናት ወንበር ተቀምጣለች፤ ባለ ወርቃማ ጥለት ቀሚስ ለብሳ። እኔ ከሳህኖቹ ጋር ቆሜያለሁ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ፣ እልልታ ሆነ። እናቱ ግን ደጅ ቀረች። አትገባም።

"ያቺ ናት ሴትየዋ?" ስትል ሁላችንም ሰማን። "በዚያ አፏ ልጆቼን አታስነኩብኝ። ዛሬ ብትመርቅ ነገ ብትቆጣስ?"

እልልታው ተቆረጠ።

በወንበሩ ዙሪያ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ፈቀቅ አሉ። አንዷ ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበች። አስቴር ብቻዋን ቀረች፣ እንደዚያ ሜዳ። እጇን ወደ አፏ አነሳች። የራሷን አፍ ፈራችው፤ በዓይኔ አየሁ።

ምሕረት ቬሏን ሰብስባ ወደ እኔ መጣች። ሐኪም ጋ መሄዴን ታውቃለች፤ የሐኪሙን ቃል ግን አልነገርኳትም።

"እማ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ? እርግማን አይደለም በያቸው። እባክሽ።"

"ንገሪያቸው እንጂ" አለች አስቴር። ድምጿ እንደዚያን ቀን ዝቅ ያለ ነው። እየለመነችኝ ነበር።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። "መጉመጥመጫውን ሳላቀጥን ነው።" በቃ! ሰው ይስቃል፣ እናትየዋ ትገባለች፣ አስቴር ትመርቃለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ኮመንት ላይ ቅዱሳን እንዳትሆኑብኝ።

"ሐኪም ምን ያውቃል" አልኩ።

አስቴር ተነሳች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ወጣች። ሰዉ ሁሉ መንገድ ለቀቀላት፤ ጫፏ እንዳይነካው።

ወንበሩ ገና ይሞቃል። ተቀመጥኩ። ምሕረት ጉልበቴን ሳመች፤ መረቅኋት። ምሳ በላሁ። ወደ ቤቴ መጣሁ።