የክቡር ዳምጤ ጀርባ

ከዘመኑ ጋር እሮጣለሁ ብሎ ጫማው የሚወልቅበት ጋዜጠኛ የሌለው ከተማ የለም። ለእኛ ለወልቂጤዎች የደረሱን ክቡር ዳምጤ ናቸው።

ጋዜጣችን መታተም ካቆመ ወዲህ የቀረችን የኢንተርኔት ቪዲዮ ገጽ ብቻ ናት። ባለቤቱ «ተመልካች ካላመጣችሁ እሷንም እዘጋታለሁ» ብለዋል። የእኔ የአምድ ጸሐፊው እንጀራ የተንጠለጠለው እንግዲህ በክቡርነታቸው ስልክ ላይ ነው። ተስፋ የቆረጥኩትም ለዚህ ነው።

ክቡርነታቸው ቀረጻ አያቅታቸውም። የሚያቅታቸው ሽማግሌ ነው። ጉንችሬ የተሰበረ ድልድይ ሊቀርጹ ሄደው አንድ አባት «እስቲ ልመርቃችሁ» ካሉ፣ ስልኩን ሣር ላይ ያጋድሙና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አሜን!» ይላሉ። ተመልካቹ የሚያየው ሰማይ ነው። እምድብርም ሰማይ፣ ጉብሬም ሰማይ።

«ጋሽ ዳምጤ፣ በአንድ እጅዎ ቢቀበሉስ?» አልኳቸው።

«ምርቃት በአንድ እጅ? ግማሹ ይፈስሳል እኮ!»

«እሺ፣ ከቪዲዮው ላይ እንቁረጠው።»

«ምርቃት አይቆረጥም!»

ባለቤቱን ለምነን ባለሦስት እግር መቆሚያ ገዛንላቸው። እጃቸው ነጻ ወጣ። እሳቸው ግን ወደ መራቂው ጠጋ ብለው ካሜራው ፊት ተገተሩ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ የሚያየው ጀርባቸውን ሆነ። ኮታቸው የት የት እንደተጣፈ አገር ያውቃል። ተመልካች ሸሸ፣ ላይክ ጠፋ፤ ባለቤቱም ገጹ ይዘጋ አሉ።

የመጨረሻዋ ቪዲዮ የወጣች ዕለት ቡታጅራ ነበርኩ። ሳሙና ልገዛ ደንበኛዬ ባለሱቋ ፈቲሀ ጋ ብገባ፣ ፈቲሀ በስልኳ ያንኑ ጀርባ ታያለች። ከጀርባው ማዶ የአንድ አባት ድምፅ «ድልድዩን ያቁምላችሁ፣ መንገደኛውን በሰላም ያግባው» ይላል። ፈቲሀ ስልኳን ስኳር ጆንያው ላይ አስቀመጠችና መዳፎቿን ዘርግታ «አሚን» አለች። ተራ የሚጠብቁት ገበያተኞችም ዘንቢላቸውን መሬት አኑረው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ብቻ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ መቆሜ አሳፈረኝ።

ሲያበቃ «ላይክ አደረግሽው?» አልኳት።

«እንዴ! ምርቃት እየተቀበልኩ፣ በየትኛው እጄ?»

ወጥቼ ደወልኩላቸው።

«ስንት ሰው አየው?» አሉኝ። ድምፃቸው ሰልሏል።

ቁጥሩ እንደ ወትሮው ያሳፍራል፣ ገጹም ነገ የለም። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት ግን ያኔ ነው።

«ያየውስ የለም፣ ጋሽ ዳምጤ» አልኳቸው። «ሰዉ ተቀበለው እንጂ።»