የአቶ ደሳለ ንግግርና የእነ ባንችይርጋ ወተት

የሰው ልጅ ወተትን ከማለብ አልፎ ለወተት ንግግር ማድረግ የጀመረበትን ቀን ታሪክ ይመዝግበው። ሥፍራው ከላሊበላ በመኪና ጥቂት ሰዓት የሚርቅ የደጋ ከተማ ነው። የጽሕፈት ቤታችንን ስም ትሕትናችን ስለማይፈቅድ አልጠራም። እኔ የዚሁ ጽሕፈት ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ፤ ዋና ሥራዬ ማጨብጨብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁዳዴ ሲገባ በአገራችን ወተት ጠጪ ይጠፋል፣ ቅቤ ገዢም አብሮ ይጠፋል። ላም ደግሞ ጾም አታውቅምና መታለቧን ትቀጥላለች። እነ ባንችይርጋ ያቋቋሙት የወተት ማኅበር በየዓመቱ በዚህ ወቅት ወተቱን ለጥጃና ለውሻ ይደፋ ነበር። ዘንድሮ ግን እግዜር ሲሰጥ አንድ የላሊበላ ሆቴል ለውጭ አገር እንግዶቹ ወተት ሊወስድ ተስማማ። የመጀመሪያው ወተት ሲፈላ ካልጓጎለ ውሉ ይጸናል፤ ከጓጎለ ሁሉም ነገር ይቀራል። ውሉ ከቀረ ደግሞ ባንችይርጋ ቦራን፣ ያቺን የምትሳሳላትን ላሟን፣ ገበያ ልታወጣት ነው።

ኃላፊያችን አቶ ደሳለ ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ሊያልፉት አልቻሉም። የፕሮቲን ፊዚካል ኬሚስትሪ የሚባል ሥልጠና ወስደው በተመለሱ ሰሞን ነበርና የተማሩትን የሚነግሩት ሰው አጥተው ሲጨነቁ ሰንብተዋል። ስለዚህ ወተቱ ያለ ደማቅ ሽኝት ከከተማዋ እንዳይወጣ አዘዙ።

በሽኝቱ ማለዳ ባንችይርጋና ጓደኞቿ ወተቱን በታጠበ የአሉሚኒየም ዕቃ አድርገው ጥላ ሥር ጠበቁን። አቶ ደሳለ ዕቃውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ይኼ ምንድን ነው? ባህላችን የታለ? ካሜራው ምኑን ያንሳ?"

"ጌታው፣ ንጹሕ ዕቃ ነው" አለች ባንችይርጋ።

"በቅል ይሁን! በዛጎል ባጌጠ ቅል!"

"ቅሉማ ነበረን። እርጎ የምናረጋበት ሆነ እንጂ። ቢያጥቡትም እርሾው አይለቀው።"

"ታዲያ ይበልጥ ባህላዊ ነዋ!"

ወተቱ ወደ ቅሎቹ ተገለበጠ። ለካሜራው እንዲመችም ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተደረደረ። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ያምር ነበር።

በመርሐ ግብሩ መሠረት ቀዳሚው ጉዳይ የጥራት ቅምሻ ነበር። ብርጭቆው ለአቶ ደሳለ ቀረበ፤ ጿሚ ናቸው። ለምክትላቸው አለፈ፤ እሳቸውም ጿሚ ናቸው። እኔ ዘንድ ደረሰ፤ ኃጢአቴ ቢበዛም ሁዳዴን አልገድፍም። በመጨረሻ ሾፌራችን በድሩ ትዝ አለንና ሁላችንም በፍቅር ዓይን ዞረን አየነው።

"ረመዳን ነው እኮ፣ ጎበዝ!" አለ በድሩ ሁለት እጁን አንሥቶ።

ስለዚህ የጥራት ኮሚቴው ወተቱን በዓይኑ ተመልክቶ ነጭ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ።

አቶ ደሳለ ማይክሮፎኑን ጨበጡ። "ክቡራንና ክቡራት! በወተት ውስጥ የፕሮቲን እንክብሎች አሉ። እያንዳንዱ እንክብል ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ሌላውን እየገፋ ለየብቻው ይንሳፈፋል። አሲድ ሲገባ ግን ቻርጁ ይጠፋል። መገፋፋቱ ይቀርና እንክብሎቹ ይጠጋጋሉ፣ ይጣበቃሉ፣ በራስ ተነሳሽነት መረብ ይሠራሉ! ማንም ሳያዝዛቸው! ያለ ቃለ ጉባኤ! ጽሕፈት ቤታችን ይህን በጽኑ ይቃወማል!"

አጨበጨብሁ።

"ጌታው፣ ፀሐዩ በረታ እኮ" አለች ባንችይርጋ። "ወተቱ አሁኑኑ ቢጫን..."

"ጥያቄ በመጨረሻ።"

"ኧረ ጥያቄ አይደለም..."

"አስተያየትም በመጨረሻ።"

ቀጠሉ። ባክቴሪያ የወተቱን ስኳር እየበላ አሲድ እንደሚያመርት፣ አደጋው የሚብሰውም እርሾ በነካው ዕቃና በፀሐይ ሙቀት መሆኑን፣ እጃቸውን ወደ ቅሎቹ ዘርግተው አስረዱ። እንዲህ ያለ ግልጽ ትምህርት ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ ልማት፣ ከልማት ወደ ቱሪዝም፣ ከቱሪዝም ወደ ልጅነት ዘመናቸው ተሻገሩ። ጥላው ከግቢው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲዞር እሳቸው ገና ሦስተኛ ክፍል ነበሩ።

ላሊበላ ስንደርስ የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ሰርካለም ወተቱን ፊታችን ጣደችው። ገና ሳይፈላ ጓጎለ። ነጩ አንድ ላይ ተሰበሰበ፤ አጓቱ ቢጫ ሆኖ ተለየ። ባንችይርጋ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

"በቃ፣ ቦራዬ ሄደች" አለች።

አንጀቴን በላችው። ለማጨብጨብ ያነሣሁትን እጄን መልሼ ኪሴ ከተትሁ።

አቶ ደሳለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንደምታዩት፣ ንድፈ ሐሳቡ በተግባር ተረጋግጧል።"

ሰርካለምም ጿሚ ናትና የጓጎለውን በጭልፋ አውጥታ፣ አጥልላ፣ ምግብ ቤት ለተቀመጡት ቱሪስቶች ላከችው። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ፤ አስተናጋጁም ይጨመርልን ማለታቸውን ተናገረ።

"ወተት ከዱቄትም እንበጠብጣለን" አለች ሰርካለም። "እንዲህ ያለ፣ የቅል ጭስ የሚሸት ለስላሳ አይብ ግን ከየት ይመጣል? በየሳምንቱ አምጡልኝ። ልክ እንደ ዛሬው ይሁን!"

ውሉ በአይብ ጸና፤ ቦራም ከገበያ ተረፈች። ጽሕፈት ቤታችንም የፕሮቲንን መጓጎል ለመከላከል የተያዘው ዕቅድ ከተጠበቀው በላይ መሳካቱን ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ። የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ማኅበሩ "ልክ እንደ ዛሬው" የተባለውን አደራ አጥብቆ ያዘ። ያው ቅል፣ ያው ፀሐይ፣ ያው ንግግር እንዲሆን ተስማሙና አቶ ደሳለን በየሳምንቱ ይጋብዟቸው ጀመር። እሳቸውም ሕዝቡ እንዲህ የዕውቀት ጥማት ይኖረዋል ብለው አለመገመታቸው ቆጫቸው። ባለፈው ሳምንት ግን ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠርተው ንግግራቸውን ገና ልማት ላይ ሳሉ አቋረጡት። ባንችይርጋ ሮጣ የአንዱን ቅል ክዳን ከፈተች፣ ነቅነቅ አድርጋ አየችው፣ ከዚያ መኪናቸው በር ላይ ቆማ በአክብሮት እጅ ነሣች።

"ጌታው፣ ልጅነትዎን ሳይነግሩን የት ይሄዳሉ? ወተቱ እኮ አልረጋም!"