ኦቦ ደበላና የረቡዕ ጎልፋችን

ጡረታ የወጣ ሰው ትልቁ ችግሩ ምን ይመስላችኋል? የጉልበት ሕመም? ለጉልበትስ ቅባት አለው። ትልቁ ችግር ጠዋት ነው። ዕድሜ ልካችሁን ሲያባርራችሁ የኖረው ሥራ በድንገት ይጠፋል፤ ዓይናችሁ ግን በለመደው በአሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጣል። ከዚያ እናንተ ጣሪያውን ታያላችሁ። የቤት ሰው ደግሞ እናንተን ያያል።

እኔን ከጣሪያው ያስጣሉኝ ኦቦ ደበላ ናቸው። ዕድሜያቸውን በመንገድ ቅየሳ የጨረሱ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሳቃቸው ከሳላቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ቡራዩ ታክሲ ተራ ላይ ያዙኝና፣ "መምህር፣ ጎልፍ ይጫወታሉ?" አሉኝ። እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጎልፍን የማውቀው በቴሌቪዥን ነው። "ኧረ አልችልም" ስላቸው፣ "በጣም ጥሩ! የሚችል ሰው አንቀበልም" ብለው መዘገቡኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተለቃቅመን ስድስት ሞላን። ሜዳችን ሱሉልታ፣ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ ከብት የሚያሰማሩበት መስክ ነው። ጉድጓዶቻችን መሬት የተቀበሩ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎች፤ ዱላችን ደግሞ፣ ከኦቦ ደበላ አንድ እውነተኛ ዱላ በቀር፣ ቆልመም ያለ የባሕር ዛፍ ሥር። ነጥብ መያዝ ክልክል ነው። ማሸነፍ ነውር ነው። ስንት ላም በኳሳችን እንደተቀየመችን አልነግራችሁም።

የሱሉልታን የጠዋት ጉም ታውቁት እንደሆነ፣ የዘረጋችሁትን እጅ ይውጣል። ከመስኩ ጫፍ ደግሞ ረግረግ አለ። ስለዚህ ኦቦ ደበላ ሕግ አወጡ፤ በየመሃሉ ቁጥር እየጠራን መኖራችንን እናረጋግጣለን። እኔ "አንድ!" እላለሁ። የሰበታዋ ጡረተኛ ነርስ ሲስተር አበበች "ሁለት!" ይላሉ። እንዲህ ሲዞር ይቆይና ከጉሙ ወዲያ ኦቦ ደበላ በዚያ ሳል በተቀላቀለበት ድምፃቸው "ስድስት! ሁላችንም አለን!" ብለው ይዘጉታል።

ባለፈው ክረምት አንድ ረቡዕ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባ ነበር። እኔ ጉንፋን ፈጠርኩ። ሲስተር እንግዳ ፈጠሩ። ሌሎቹም እንደየችሎታቸው ፈጠሩ። ኦቦ ደበላ ብቻቸውን ሄዱ።

ቅዳሜ ዐረፉ።

ልባቸው ነው ተባለ። ቀብራቸው ላይ አምስታችንም ቆመን ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን። በዚያ ጉም ውስጥ ብቻቸውን ሲንከራተቱ እየታየኝ ስንት ጊዜ እህል ከአፌ መለስኩ። ማንም ይቅር ሳይል ጎልፉ ቀረ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ እኔና ሲስተር አበበች ኦቦ ቶሎሳ ቤት የተቀመጡትን ዱላዎች ልንሰበስብ ሄድን። ቡድኑን በወግ ልናፈርሰው ማለት ነው። ኦቦ ቶሎሳ አጥራቸውን ሲጠግኑ ደረስን።

"አካም ጂርቱ? ነጋ?" ተባባልን። ለሟቹ ከንፈራቸውን መጠጡና፣ "ደግነቱ የመጨረሻዋን ረቡዕ ሁላችሁም አብራችኋቸው ነበራችሁ" አሉን።

"ኧረ ብቻቸውን ነበሩ፣ ኦቦ ቶሎሳ" አልኩ፣ ፊቴ እየጋለ።

"እንዴት ብቻቸውን? እዚሁ ሆኜ ቁጥር ስትጠሩ ሰማኋችሁ እኮ! ከአንድ እስከ ስድስት።"

ሲስተር ክንዴን ጨበጡኝ። እኔ ግን ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሰውየው ብቻቸውን ቆመው የሁላችንን ድምፅ ሲያስመስሉ ታዩኝ፤ አንድ ብለው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው ሁለት ብለው፣ ሦስት ብለው። ይህንኑ ለኦቦ ቶሎሳ ነገርኳቸው።

"የእሳቸው ድምፅማ ይለያል" አሉ፣ ሚስማራቸውን እየመቱ። "የእርስዎንም አውቀዋለሁ፣ መምህር። አንድ ሲሉ ተማሪ የሚቆጡ ነው የሚመስሉት።" ከዚያ ቀና አሉና፣ "ትናንትስ ምነው ሳትገቡ ሄዳችሁ? ሻይ አስፈልቼ ጠብቄ ነበር" አሉን።

"ትናንት?" አሉ ሲስተር።

"ትናንት ነዋ፣ ረቡዕ አይደል? ባለፈውም፣ ከዚያ በፊት ባለውም ነበራችሁ። ጉሙ ሲገለጥ ብቅ ስል ግን የላችሁም።"

ሦስታችንም ወደ መስኩ ዞርን። ጉሙ ገና አልተነሳም። አንዲት ላም ብቻ ጆሮዋን ወደ ረግረጉ አቁማ ቆማለች። ዱላዎቹን ሳንወስድ ተመለስን።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ድምፅ ከተራራ ወደ ተራራ እንዴት እንደሚመላለስ ላስረዳችሁ እችላለሁ። ከስንት ሳምንት በኋላ የሚመለስ የገደል ማሚቶ ግን አስተምሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት አምስታችንም ሱሉልታ ተገኘን። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ዝናብ ቢጥልም በረዶ ቢወርድም፣ አንድም ረቡዕ ቀርተን አናውቅም። ቁጥር መጥራቱን ግን ትተነዋል። አምስት ካልን በኋላ የሚመጣውን ለመስማት የደፈረ አልተገኘም።

"በዚህ ዕድሜያችሁ በዚህ ብርድ ምን ያንገላታችኋል?" የሚሉን አሉ። ምን ብለን እንመልስላቸው? ከቀረን ያለ እኛ እንጫወታለን።