የክቡርነታቸው ማጅራት

አኩራፊ የሌለበት ሰፈር ካለ ሰው አይኖርበትም ማለት ነው። የእኔን ፀጉር አስተካካይ የሚያህል አኩራፊ ግን በምድር ላይ አልተፈጠረም። እኔ በልቤ ክቡርነታቸው እላቸዋለሁ። ክቡርነታቸው ሬዲዮ ሳይቀር ያኮርፋሉ፤ ዜና አንባቢው አስነጥሶ ይቅርታ ሳይጠይቅ ቀጠለ ብለው ድፍን ክረምት ዘግተውታል። ዝናቡንም አኩርፈው ያውቃሉ። "ምነው ዝም አሉ?" ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "እኔ? ደህና ነኝ። እኔ ምን እሆናለሁ።"

ሱቁ ሁለት ወንበር አለው፤ አንዱ የክቡርነታቸው፣ ሌላው የወጣትነት ባልንጀራቸው። ፀጉር አስተካካይ የገዛ ማጅራቱ አይታየውም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለቱ ተራ በተራ አንገታቸውን ደፍተው ይስተካከላሉ። ከመስኮቱ ማዶ ባለው ቁጥቋጦ ላይ ትናንሽ ወፎችም ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ አንዷ ላባዋን ነፋ አድርጋ አንገቷን ታዘነብላለች፣ የገዛ መንቁሯ የማይደርስበትን ሌላዋ ትለቅምላታለች።

አንድ ሰኞ ባልንጀራቸው መቀሱን እያንቀጫቀጨ "ወንድምዬ፣ አናትህ ላይ እኮ መንገድ እየወጣ ነው" አላቸው። በቃ፣ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ የሚነጋገሩት በደንበኛ በኩል ሆነ። እኔም ግማሽ ጭንቅላቴን ተላጭቼ አምባሳደር ሆንኩ።

"ለዚያ ሰውዬ ማበጠሪያው እኔ ጋ እንዳለ ንገርልኝ" ይላሉ ክቡርነታቸው።

"ማበጠሪያው እሳቸው ጋ ነው" እላለሁ፣ አንድ ክንድ ለማይርቅ ሰው።

"ሰምቻለሁ። አናቱ ከበረደው ኮፍያ እገዛለታለሁ በልልኝ።"

ሰኞ በመጣ ቁጥር ባልንጀራቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ይደፋል። ክቡርነታቸው የተሳለውን ምላጭ መልሰው ይስላሉ። የሁለቱም ፀጉር ኮሌታቸው ላይ ወረደ፤ ሌላ ሱቅ ሄዶ መቆረጥ ደግሞ ክህደት ነው። አዲስ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እሳቸውን አንዴ እሱን እያየ "እዚህ ቤት የሚቆርጥ ሰው አለ?" ማለት ጀመረ።

እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። የባልንጀራቸው እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የአንድ ሰው ጆሮ ጫረና መቀሱን በገዛ እጁ አስቀመጠ። ሴት ልጁ ያለችበት ከተማ ሄዶ ሊኖር ሆነ።

በሚሄድበት ቀን ሻንጣውን በር ላይ ትቶ ገባ፣ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ። ክቡርነታቸው ጨርቁን አራገፉ።

"ይህን ማጅራት ይዘህ ብትሄድ ልጅህ ምን ትለኛለች?" አሉት። በእኔ በኩል አልነበረም።

ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ ቆረጡት። ሲጨርሱ ወንበሩን ተቀብለው እሳቸው ተቀመጡ።

"እጄን እያየኸው?" አለ።

"ማጅራቴ ዓይን የለውም። ቁረጥ።"

ቆረጠ። መስመሩ ሰካራም የሄደበት መንገድ መሰለ። የእጅ መስተዋቱን ሊያነሳ ሲል "ተወው፣ አምንሃለሁ" አሉት። ያ እጅ ደህና የነበረባቸውን ሰኞዎች ሁሉ ምላጭ በመሳል ማሳለፋቸውን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

አሁን ፀጉሬ ባያድግም ወደ ሱቁ እሄዳለሁ። ባዶው ወንበር በየቀኑ ይወለወላል። ዛሬም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ኮሌታቸውን ዝቅ አደረጉና "የሱ መስመር አለ?" አሉኝ።

ፀጉሩ አድጎ ሸፍኖታል።

"እንዳለ ነው" አልኳቸው።