በሐምሌ ማጭድ

በየከተማው ቀጥ ያለው መንገድ ፊት ለፊቱ ተዘርግቶለት ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ አንድ ሰው አይጠፋም። ውሃ ቢጠማው ከእንስራው አይቀዳም፤ መጀመሪያ በረሃ ማቋረጥ አለበት። የመተማው ተወካይ ክቡር መምህር ቸሩ ነበሩ።

መምህሩ ሽፋኑን ምስጥ የበላው አንድ መጽሐፍ ነበራቸው፤ ከቤት ጠፍተው ዓለምን ስለዞሩ ልጆች የተጻፈ። አርባ ዓመት ሞልቷቸው እንኳ «በመጽሐፉ እንዲህ አይደለም» ሳይሉ ጫማቸውን አያስሩም። የትምህርት ቤቱ ቁልፍ የጠፋ ጊዜ ዘበኛው በሩ ይሰበር ቢል፣ እሳቸው ካርታ ሥለው ላም ባልዋለበት ኩበት ሲያስለቅሙ ሦስት ቀን ቆዩ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ተገኘ።

ደምለው የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነው። እምነቱ አጭር ነበር፤ ሞተር ካልተነሣ ናፍጣውን እይ። ይሁን እንጂ ከሥራ ሲወጣ መምህሩ ደጃፍ ቁጭ ብሎ መጽሐፉ ሲነበብ ያዳምጣል። አያምንም፤ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ሳያውቅ መሄድ አይችልም። ጣጣ ያመጣችበትም ይህችው ጉጉቱ ናት።

በ1977 ሐምሌ ላይ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ስም አነበበ። ደምለው አለበት። መኪናው ሐሙስ ይመጣል፤ አምና ከሰፈሩ ከሄዱት የተመለሰ የለም። ስለዚህ ሱዳን ለመሻገር ቆረጠ። መንገዱ ቀላል ነበር። በየቀኑ ለናፍጣ ጀሪካን ይዞ ድንበር ማዶ ጋላባት ይመላለሳል፤ ጠባቂው ሚሊሻ ይርዳው ቀና ብሎም አያየው።

«ነገ እንደ ወትሮዬ ጀሪካኔን ይዤ እሄድና እዚያው እቀራለሁ» አለ፣ መምህሩን ሊሰናበት ሄዶ።

መምህሩ ፊታቸው ጠቆረ። «እሱ ምኑ ማምለጥ ነው? መላላክ ነው እንጂ። በመጽሐፉ እንዲህ አይደለም። ነፍሱን ይዞ የሚጠፋ ሰው ልብሱን ይለውጣል፤ ምልክት ይጠብቃል።»

«ጊዜ የለኝም፣ መምህር።»

«ለክብርህ ጊዜ የለህም?»

ደምለው ሊስቅ ዳዳው፤ ግን እሺ አለ። ሰውየው ምን ሊያደርጉት እንዳሰቡ ለማየት ጓጉቶ ነበር።

ረቡዕ ቀትር ላይ እንደ ሰሊጥ አጫጅ ቡትቶ ለብሶ፣ ማጭድ ትከሻው ላይ አንግቶ ወደ ድንበሩ ጅረት ወረደ። መምህሩ ለምልክት እንደ ቆቅ ሊጮኹለት ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀዋል። ሰሊጥ በሐምሌ ገና እንደሚታረምና ማጭድ የሚወጣው ከመስከረም ወዲያ እንደሆነ ደምለው ነግሯቸው ነበር። «በመጽሐፉ ማጭድ ነው» ብለው ዘጉት።

ሁለት ዓመት ቀና ብሎ ያላየው ይርዳው ዛሬ ተነሣ። «ደምለው፣ በሐምሌ ምን ልታጭድ ነው?» አለና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ደምለው ወደ ቁጥቋጦው ዞረ።

ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ፤ መምህሩ ብቅ አሉ። ድምፃቸው ሙሉ ነበር። «ጓድ ይርዳው፣ ልምምዳችንን አታቋርጥብን። የኪነት ቡድኑ ለአብዮቱ በዓል የሚያሳየው ቲያትር ነው። ማጭዱ የሰፊው ገበሬ ማጭድ ነው። በእሱ ላይ ጥያቄ አለህ?»

በዚያ ዘመን ማጭድና መዶሻ በየአደባባዩ ተሰቅሎ ነበር፤ ጥያቄ ያለው ሚሊሻ አይገኝም። ይርዳው ጠመንጃውን መለሰ። «ቀጥሎስ ምን ይሆናል?» አለ።

«ገበሬው ከባላባቱ ሸሽቶ ይሻገራል። ባላባቱ እኔ ነኝ። ቁጭ በልና ተመልከት።»

ይርዳው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ደምለው ውሃው ውስጥ ገባ፤ ከጉልበቱ አላለፈም። መምህሩ ከኋላው ደረታቸውን ነፍተው ይፎክራሉ፤ ይርዳው ያጨበጭባል። ማዶ ደርሶ ዞር ሲል መምህሩ ከጠባቂው ፊት ቆመው እጃቸውን ሲያወናጭፉ አየ። ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሊመለስ አንድ እርምጃ ተራመደ። መምህሩ ግን በጀርባቸው በኩል በእጃቸው ሂድ አሉት።

በኋላ መተማ ሻይ የምትሸጥ መጂዳ የምትባል ሴት ሱዳን ገዳሪፍ ከተማ መጥታ እንደነገረችው፣ መምህሩ አራት ወር ታሰሩ። ይርዳው «ገበሬው መቼ ይመለሳል?» ቢላቸው «በሁለተኛው ክፍል» ብለውት ነበር።

ደምለው ገዳሪፍ ትራክተር መንዳት ያዘ። የቀን ሠራተኞች እንዴት እንደተሻገረ ሲጠይቁት፣ ጅረቱ ጎርፍ ሞልቶ ነበር ይላል። አዞ ነበረበት፤ አዞውን መምህር ቸሩ በባዶ እጃቸው ያዙልኝ ይላል።

አንድ ቀን አንድ ከጎጃም የመጣ አረም አራሚ «የእውነት አዞ ነበር?» አለው።

ደምለው ዓይኑን ጠረገ። «ከዚያ የሚያንስ አውሬ ለእኒያ ሰው አይመጥናቸውም» አለ።